ድንበር የሚሻገር ጥላቻና ድንበር የሚሻገር መልእክተኛ

(በሕግ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አምባሳደር በተለመደው አነጋገር አንድ መንግሥት ወደ ሌላ መንግሥት የሚልከው እንደራሴ ነው። የሚላክበት አገር፣ የሚቀመጥበት ከተማ፣ የሹመት ደብዳቤውን የሚያቀርብለት ርእሰ ብሔር አለው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ጁላይ 30 ቀን 2021 በእጩነት ያሳወቋቸው ፕሮፌሰር ዴቦራ ሊፕስታት ግን ወደ አንድ አገር የሚላኩ አልነበሩም። የታጩበት ሥራ በዓለም ዙሪያ በአይሁድ ላይ የሚነሣውን ጥላቻ መከታተልና ከልዩ ልዩ መንግሥታት ጋር ተባብሮ መታገል ነበር። እንዲህ ያለው ሹመት ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። አንደኛው፣ ጥላቻን በአምባሳደር መታገል ይቻላልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይቻላል ከተባለ ለዚህ ሥራ የታጨ ሰው ድጋፍ የሚገባው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው? የሚል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ለሁለቱ ጥያቄዎች ከታሪክና ከሕግ መልስ መፈለግ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

ስለ ቃሉ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባት በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። በውጭ ቋንቋዎች የተለመደው ስያሜ በቀጥታ ሲተረጐም «ፀረ ሴማዊነት» የሚል ይሆናል። ይህ አባባል ግን አማርኛ ተናጋሪውን ሊያሳስተው ይችላል። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ራሳቸው ሴማውያን ቋንቋዎች ስለ ሆኑ፣ አንድ ሰው ቃሉን ሲሰማ በሴማውያን ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ሁሉ ላይ የተነሣ ጠላትነት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቃሉን በ1879 በፖለቲካ ትግል ውስጥ ያስፋፋው ቪልሄልም ማር የተባለው ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ነበር። እርሱም ሲናገር ያሰበው አይሁድን ብቻ ነበር እንጂ ዐረቡን ወይም ሐበሻውን አልነበረም። የቀድሞው ጥላቻ በሃይማኖት ምክንያት የተነሣ ስለ ነበረ አይሁዳዊው እምነቱን ከለወጠ ቢያንስ በስም ይቀርለት ነበር። አዲሱ ቃል ግን የሳይንስ ልብስ የለበሰ ሆኖ፣ አይሁዳዊነት የደም ጉዳይ ነው፤ በጥምቀትም ሆነ በዜግነት አይለወጥም ለማለት የተፈጠረ ነው። በዚህም ምክንያት በዚህ ንግግር ውስጥ ትርጉሙን በግልጽ የሚያስረዳው «ፀረ አይሁድነት» የሚለው ቃል ተመርጧል።

ጥላቻው እንዴት እንደሚጓዝ

የፀረ አይሁድነት አንዱ ልዩ ጠባይ ከአገር ወደ አገር የመጓዝ ችሎታው ነው። ለዚህ ዋነኛው ምስክር «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለው የሐሰት ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በ1903 በሩሲያ ዋና ከተማ በሴንት ፒተርስበርግ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጣ። የአይሁድ ሽማግሌዎች በስውር ተሰብስበው ዓለምን ለመግዛት የመከሩበት ቃለ ጉባኤ ነው ተብሎ ቀረበ። በ1920 የመኪና ፋብሪካ ባለቤቱ ሄንሪ ፎርድ በአሜሪካ በሚያሳትሙት ጋዜጣ በዚሁ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ተከታታይ ትችት አወጡ። በ1921 የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ፊሊፕ ግሬቭስ ጽሑፉ በ1864 ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛን ለመንቀፍ ከጻፈው መጽሐፍ የተሰረቀ መሆኑን ዐረፍተ ነገሩን ከዐረፍተ ነገር ጋር እያስተያየ አጋለጠ። በዋናው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አይሁድ የተነገረ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ መጋለጡ ጽሑፉን አላጠፋውም። ዛሬም በብዙ ቋንቋዎች ይታተማል፤ ይነበባልም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአበው ቃል እውነት ቢሆንም፣ ንጋት በራሱ ጊዜ ሲመጣ እውነት ግን ጠባቂና ተናጋሪ ካላገኘ ሳይጠራ ሊመሽበት እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአሁኑ ዘመን ጉዞው ፈጥኗል። ኦክቶበር 27 ቀን 2018 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በአንድ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ማርች 15 ቀን 2019 በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ገዳዩም ድርጊቱን በቀጥታ ሥርጭት ለዓለም አሳየ። ኦክቶበር 9 ቀን 2019 በጀርመን አገር በሃሌ ከተማ በአይሁድ የማስተስረያ በዓል ቀን አንድ የታጠቀ ሰው ምኩራብ ሰብሮ ለመግባት ሞከረ። በሩ ስላልተሰበረለት ከውጭ ሁለት ሰዎች ገደለ። ይህ ሰው የክራይስትቸርቹን ገዳይ አርአያ አድርጎ መነሣቱ በፍርድ ቤት ታውቋል። እርሱም ድርጊቱን በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ ጀርመናዊ ሆኖ በጀርመን አገር እየገደለ፣ ለተመልካቾቹ በእንግሊዝኛ ይናገር ነበር። የሚሰሙኝ ብሎ ያሰባቸው በአገሩ ወሰን ውስጥ ብቻ የሚኖሩ አልነበሩምና። አይሁድን የሚያጠፋውና ሙስሊሙን የሚያጠፋው እጅ ትምህርቱን የሚቀስመው ከአንድ ምንጭ እንደ ሆነም ከዚህ ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእጩዋ ጉዳይ ቅርበት ያለው በጃንዋሪ 15 ቀን 2022 የሆነው ነው። በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ኮሊቪል በተባለች ከተማ አንድ የብሪታንያ ዜጋ ምኩራብ ውስጥ ገብቶ አራት ሰዎችን አገተ። የጠየቀውም በአሜሪካ ወኅኒ ቤት የምትገኝ አንዲት እስረኛ እንድትፈታለት ነበር። እስረኛይቱ ከዚያ ምኩራብ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራትም። ሰውየው ግን አይሁድ መንግሥትን በስውር ያዝዛሉና ቢፈልጉ ያስፈቷታል የሚል እምነት ይዞ መጥቶ ነበር። ይህ እምነት ከ1903ቱ ጽሑፍ መንፈስ አይለይም። ታጋቾቹ በሕይወት ወጡ። ሰውየው ከዚያ በፊት በአገሩ የደኅንነት ክፍል ዘንድ ታውቆ እንደ ነበረ በኋላ ተገልጿል። በአንድ አገር ተወልዶ በሌላ አገር ምኩራብ የሚገባን ጥላቻ በአንድ አገር ፖሊስ ብቻ መከላከል እንደማይቻል ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ሲሆን ፕሮፌሰር ሊፕስታት ከታጩ ከአምስት ወር በላይ አልፏቸው ገና ለጥያቄ እንኳ አልተጠሩም ነበር።

ትብብር በጠፋ ጊዜ

የመንግሥታት መተባበር አስፈላጊነቱ ይበልጥ የሚታወቀው ትብብሩ በጠፋ ጊዜ የደረሰውን ሲያስታውሱ ነው። በጁላይ 1938 የ32 አገሮች መልእክተኞች በፈረንሳይ በኤቪያን ከተማ ተሰበሰቡ። የጉባኤው ዓላማ ከሂትለር አገዛዝ ለሚሸሹት አይሁድ መጠጊያ መፈለግ ነበር። መልእክተኞቹ ተራ በተራ እየተነሡ ሐዘናቸውን ገለጹ። ነገር ግን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቀር በሩን በሰፊው እከፍታለሁ ያለ አገር አልተገኘም። አራት ወር ሳይሞላ፣ ከኖቬምበር 9 እስከ 10 ቀን 1938 ሌሊት፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ምኩራቦች ተቃጠሉ፤ የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ያለቁበት ሆሎኮስት በመባል የሚታወቀው ፍጅት ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ባዕድ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት አቤቱታ ከኤቪያን ጉባኤ የሚቀድመው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሕግ ረገድ ደግሞ የበለጠ ግንኙነት አለ። የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት በአፕሪል 1937 ባወጣው አዋጅ አንድ ኢጣሊያዊ ከምሥራቅ አፍሪቃ ተገዢዎች ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። በኖቬምበር 1938 ይኸው መንግሥት የኢጣሊያን አይሁድ ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣና ከሌላው ኢጣሊያዊ ጋር እንዳይጋቡ የሚከለክል አዋጅ አወጣ። በቅድሚያ በሐበሻው ላይ የተሞከረው የዘር ሕግ ከ19 ወር በኋላ በአይሁዱ ላይ ዋለ ማለት ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዲሴምበር 9 ቀን 1948 የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ሲቀበል፣ ስምምነቱን ከሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ዕለቱም ጁላይ 1 ቀን 1949 ነበር።

ይሁንና ይህን መልካም ታሪክ ሲያነሡ ሌላውን መሸፈን አይገባም። በኢትዮጵያ ምድር የኖሩት ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍገው ነበር። መሬት የሌለው በእጁ ሥራ ይኖራልና በሸክላና በብረት ሥራ ተዳደሩ። የሠሩትን ማረሻና ጋን ገበሬው እየገዛ ወሰደ፤ ሠሪዎቹን ግን «ቡዳ» ብሎ ፈራቸው፤ ራቃቸውም። ሕፃን ሲታመም፣ ከብት ሲሞት ጣት ወደ እነርሱ ይቀሰር ነበር። በአውሮፓ የአይሁድን ስም ለማጥፋት የክርስቲያን ሕፃን ደም ይወስዳሉ ተብሎ ለዘመናት ከተነገረው ተረት ጋር ሲያስተያዩት፣ ቦታውና አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ባሕርዩ አንድ ነው። ባልታወቀ ምክንያት ለሚመጣ መከራ የሚታወቅ ጐረቤትን ተጠያቂ ማድረግ ነው። ስለዚህ ስለ ፀረ አይሁድነት የሚደረግ ክርክር የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

የመንበሩ አመሠራረት

ልዩ መልእክተኛ የሚሾምበት ሕግ በአሜሪካ የወጣው ኦክቶበር 16 ቀን 2004 ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን በብርቱ ከደገፉት አንዱ ቶም ላንቶስ ነበሩ። ላንቶስ በሀንጋሪ ተወልደው ከሆሎኮስት የተረፉና በዚህ ዕድል ውስጥ አልፈው ለአሜሪካ ምክር ቤት የበቁ ብቸኛው ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ራሱ ለአንድ ወገን ብቻ የተለየ ሹም ማቆም አድልዎ ያስመስላል በማለት ሕጉን አልደገፈም ነበር። ምክር ቤቱ ግን አልተቀበለውም። ሕጉ ሚኒስቴሩ በየአገሩ ያለውን የፀረ አይሁድነት ሁኔታ መዝግቦ እንዲያቀርብና ይህን የሚመራ መልእክተኛ እንዲሾም አዘዘ። የመጀመሪያው መልእክተኛ በ2006 ሥራ ጀመሩ።

ሕግ ግን በራሱ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ከጃንዋሪ 2017 እስከ ፌብሩዋሪ 2019 መንበሩ ያለ ሹም ቆየ። ከላይ የተጠቀሰው የፒትስበርግ ግድያ የተፈጸመው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። መልእክተኛ ቢኖር ግድያው አይደርስም ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሌሎች መንግሥታት በዚያ ሰሞን ከዋሽንግተን ጋር ስለዚህ ጉዳይ የሚመክሩት ቋሚ ሰው ሊያገኙ አልቻሉም። ባዶ ወንበርም ራሱን የቻለ መልእክት ያስተላልፋል፤ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ የሚተው ነው የሚል መልእክት።

በጃንዋሪ 2021 የወጣው ሌላ ሕግ መልእክተኛው የአምባሳደር ማዕረግ እንዲኖረውና ሹመቱ በሴኔት እንዲጸድቅ ደነገገ። የሕግ ባለሙያ የዚህን ለውጥ ትርጉም በቀላሉ ይረዳዋል። ያለ ማዕረግ የሚመጣን እንግዳ የሚኒስቴሩ መምሪያ ኀላፊ ያነጋግረዋል፤ አምባሳደርን ግን ሚኒስትሩ ይቀበለዋል። በሌላ በኩል «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው ማዕረግ እስከ ደጃፍ ያደርሳል እንጂ ክርክሩን አያሸንፍም። ከደጃፉ ወዲያ የሚያዋጣው ዕውቀትና ሚዛናዊነት ነው።

የእጩዋ ማንነት

ሊፕስታት በአትላንታ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር ናቸው። በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ሆሎኮስት አልደረሰም የሚሉትን ጸሐፊዎች ሥራ መርምረው፣ ከእነዚሁ አንዱ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኧርቪንግ መሆኑን ገለጹ። ኧርቪንግ በ1996 ሊፕስታትንና አሳታሚያቸውን ፔንግዊንን በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በስም ማጥፋት ከሰሰ።

ለሕግ ሰው ይህ ክስ ትልቅ ትምህርት አለው። በእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ ተከሳሹ የጻፈው እውነት ነው ብሎ ሲከራከር የማስረዳት ሸክሙ በራሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኧርቪንግ ስሜ ጠፋ ማለቱ ብቻ ሲበቃው፣ ሊፕስታት ግን ሰውየው ታሪክን እያወቀ ያጣመመ መሆኑን ማስረዳት ነበረባቸው። ጠበቆቻቸው ከሆሎኮስት የተረፉ አረጋውያንን ለምስክርነት ላለመጥራት ወሰኑ። ቁስላቸው በመስቀለኛ ጥያቄ እንደገና እንዳይነካ ብቻ ሳይሆን ክርክሩ ስለ ሰነድ እንዲሆን ፈልገው ነበር። ሊፕስታት ራሳቸውም የምስክርነት ቃል አልሰጡም። በምትካቸው የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ኤቫንስ የኧርቪንግን መጻሕፍት የግርጌ ማስታወሻዎች ከመነሻ ሰነዶቻቸው ጋር አስተያይተው፣ ስሕተቶቹ በአጋጣሚ የተፈጠሩ ሳይሆኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሂትለርን ነጻ ወደ ማውጣት፣ የሚያጋድሉ መሆናቸውን አስረዱ። ዳኛ ቻርልስ ግሬይ አፕሪል 11 ቀን 2000 በሰጡት ረጅም ፍርድ ኧርቪንግ ማስረጃን ሆን ብሎ ያጣመመ ሆሎኮስትን የሚክድ ሰው መሆኑን ወስነው ክሱን ውድቅ አደረጉት።

ከስድስት ዓመት በኋላ ኧርቪንግ ሆሎኮስትን በመካዱ በኦስትሪያ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት በተፈረደበት ጊዜ ሊፕስታት ደስ አላቸው ተብሎ ቢገመት ሊያስደንቅ አይችልም ነበር። እርሳቸው ግን ሐሰትን በእስር ቤት መቅጣት መልካም መንገድ አይደለም፤ ሐሰት በማስረጃ ነው መሸነፍ ያለበት በማለት ተቃወሙ። ይህ አቋም በሁሉም አገር ሕግ ተቀባይነት የለውም፤ ጀርመንና ኦስትሪያ ከታሪካቸው የተነሣ ሌላ መንገድ መርጠዋል። ነገር ግን ለእጩነት በሚደረግ ምርመራ ላይ፣ የራሷ ባለጋራ ሲቀጣ ስለ መርሕ የምትከራከር ሰው መገኘቷ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

የተነሡት ተቃውሞዎች

ሹመቱ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ እጩዋ ለጥያቄ የቀረቡት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022 ነው። ዋናው ምክንያት ከመታጨታቸው በፊት ስለ ሴናተር ሮን ጆንሰን ንግግር የነጮች የበላይነት ስሜት አለበት የሚል ትችት መጻፋቸው ነበር። በኮሚቴው ፊት ሊፕስታት አነጋገራቸው ሚዛን የጐደለው እንደ ነበረ ገልጸው ተጸጸቱ። ተቃውሞው ከንቱ ነበር ማለት አይገባም። አምባሳደር የሚሆን ሰው ምላሱን መግታት ይጠበቅበታልና ይህን መጠየቅ የሴኔቱ መብት ነው። ጥያቄው ግን ተጠይቆ መልስ ማግኘት እንጂ ወራት ሙሉ መንጠልጠል አልነበረበትም። በመጨረሻ ኮሚቴው ማርች 29 ቀን 2022 በ13 ድምፅ ለ9 ደገፋቸው፤ ከሪፐብሊካን ወገንም ሁለት ሴናተሮች ድጋፍ ሰጡ። በማግሥቱ ሙሉ ሴኔቱ አጸደቀው። ከተጩበት ዕለት ጀምሮ ድፍን ስምንት ወር አልፎ ነበር።

ከግለሰቧ ይልቅ መንበሩን የሚመለከቱ ሁለት ሰፋ ያሉ ተቃውሞዎችም አሉ። የመጀመሪያው፣ ለአይሁድ ብቻ ለምን የተለየ ሹም ይቆማል? የሚለው ነው። መልሱ የአይሁድ ደም ከሌላው ይበልጣል የሚል አይደለም። ጥላቻው አሠራሩ ይለያል የሚል ነው። አብዛኛው የዘር ጥላቻ ተጠቂውን ከበታች አድርጎ ይንቃል። ፀረ አይሁድነት ግን ይንቃልም፤ በስውር ኀያል ነው ብሎ ይፈራልም። ስለዚህ ጥላቻው ራሱን ደካማው በኀያሉ ላይ ያነሣው አመፅ አስመስሎ ያቀርባል፤ ይህን በማድረጉም ግፍን የሚጠሉ ሰዎችን ሳይቀር ያታልላል። ለየት ያለ በሽታ ለየት ያለ ሐኪም ይሻል፤ ይህም ሌሎቹ በሽተኞች አይታከሙ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መንበሩ የእስራኤልን መንግሥት ከነቀፋ ለመከላከል መሣሪያ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ስጋት በተለይ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ፣ ከሐማስ ጥቃትና በጋዛ ከተካሄደው ጦርነት በኋላ፣ ክርክሩን አክርሮታል። በዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት በ2016 በቡካሬስት የተቀበለው ትርጓሜ ራሱ፣ በማናቸውም ሌላ አገር ላይ የሚሰነዘረውን ያህል በእስራኤል ላይ የሚደረግ ነቀፋ ፀረ አይሁድነት ሊባል እንደማይችል ይናገራል። ትርጓሜው አሻሚ ነው ያሉ ምሁራን ደግሞ በ2021 «የኢየሩሳሌም መግለጫ» የተባለ ሌላ ትርጓሜ አውጥተዋል። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። አንድ መንግሥት ስላደረገው ነገር በሌላ አገር የሚኖር አይሁዳዊ ምኩራቡ ሊቃጠልበት፣ ልጁ በትምህርት ቤት ሊሰደብበት አይገባም። የመልእክተኛው ሥራ ሊቆም የሚገባው በዚህ በማያከራክረው መሬት ላይ ነው።

የሥራው ፍሬና ወሰን

አምባሳደሯ ሥራቸውን ከጀመሩ በኋላ በጁን 2022 የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ነው። ሩቅ የሚመስለውን በር በቅድሚያ ማንኳኳታቸው የመንበሩን ጠባይ ያሳያል። ወዳጆችን ብቻ እየዞሩ መጎብኘት ቀላል ቢሆንም ፍሬው ጥቂት ነው።

ከሥራው ሁሉ በግልጽ የሚታየው ግን በጁላይ 2024 በቦነስ አይረስ የተፈጸመው ነው። በዚያች ከተማ ጁላይ 18 ቀን 1994 የአይሁድ ማኅበር ሕንፃ በፈንጂ ሲፈርስ 85 ሰዎች ሞተው ነበር። የዚህ ግፍ 30ኛ ዓመት በሚታሰብበት ሰሞን መልእክተኞቹ ተሰብስበው ፀረ አይሁድነትን ለመቋቋም የሚያገለግሉ 12 መመሪያዎችን አወጡ። ከ30 የሚበልጡ አገሮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ደገፏቸው። መመሪያዎቹ መንግሥታት ጥላቻው በተነሣ ጊዜ ፈጥነውና በግልጽ እንዲያወግዙ፣ ጉዳዩን የፓርቲ መጠቀሚያ እንዳያደርጉ፣ የሚከታተል ሹም እንዲያቆሙ፣ የጥቃቶችን መዝገብ እንዲይዙ፣ ሕግን እንዲያስከብሩ፣ በትምህርት እንዲያስተምሩና እርስ በርስ እንዲተባበሩ ይመክራሉ። ሹም ማቆም የአሜሪካ ልማድ ብቻ አለመሆኑም ይታወቃል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ አስተባባሪ አለው። ጀርመን በ2018 የመንግሥት ኀላፊ ሾማለች። ካናዳም በ2020 ልዩ መልእክተኛ ሰይማለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ወሰኑንም መደበቅ አይገባም። መመሪያዎቹ በሕግ አስገዳጅ አይደሉም። መልእክተኛው ጦር የለውም፤ የሚያስችልበት ዳኛ፣ የሚያስርበት ፖሊስ የለውም። የቦነስ አይረስ ሟቾች ቤተ ሰቦች 30 ዓመት ሙሉ የፈንጂውን አድራሾች ችሎት ፊት ለማየት ሳይታደሉ ቆይተዋል። አምባሳደር ያንን ፍትሕ ሊያመጣ አልቻለም። ሊያደርግ የሚችለው በአንድ አገር የተመዘገበውን አደጋ ለሌላው ማስታወቅ፣ በአንዱ የተሞከረውን መድኀኒት ለሌላው ማሳወቅ፣ ዝም ለማለት የሚሻውን መንግሥት ዝምታው እንደ ታወቀበት መንገር ነው። ይህ ጥቂት ይመስላል። በኤቪያን የጐደለው ግን ይህ ነበር። በዚያ ጉባኤ ሐዘን አልጐደለም፤ ከጉባኤው ማግሥት እየዞረ ምን አደረጋችሁ? የሚል ጠያቂ ነበር የጐደለው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚታጭ ሰው መደገፍ ያለበት ሐሰትን በማስረጃ ለመርታት ባለው ዕውቀት ተመዝኖ ነው። ሁለተኛ፣ ጥላቻውን ከራሱ የፖለቲካ ወገን ሲነሣም ከሌላው ሲነሣም በእኩል የሚያወግዝ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። ከአንድ ወገን የሚመጣውን ብቻ የሚያይ መልእክተኛ በሌሎች መንግሥታት ዘንድ ተአማኒነት አይኖረውም። ሦስተኛ፣ ምርመራው ጥብቅ ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን በጊዜው ተጀምሮ በጊዜው ማለቅ አለበት።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሊፕስታት የሥራ ዘመን በጃንዋሪ 2025 ተፈጸመ። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በአፕሪል 2025 ራቢ ይሁዳ ካፕሉንን በእጩነት አሳወቁ፤ መንበሩም እንደገና ለወራት ባዶ ቆየ። ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር ሥራው እየተቋረጠ እንደገና የሚጀመር ከሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚሠራው ጥላቻው ብቻ ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ቅጠሉን ይዞ የሚጠብቅ ሰው በቦታው ሲኖር ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ የሕግ ባለሙያ እጩን የመሾም ሥልጣን የለውም። እጩ እንዴት እንደሚመረመር፣ ተቃውሞ በምን ማስረጃ እንደሚቀርብና ምርመራ መቼ ማብቃት እንዳለበት ግን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህን ዕውቀት በየሚኖርበት አገር፣ ለየመንግሥቱና ለየምክር ቤቱ በግልጽ ማሰማት ከሙያው ግዴታዎች አንዱ ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል።